አሊ ቢራን እንዴት እንስማው?

በአማርኛ ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ ስሙ ዘወትር «አሊ ቢራ» ተብሎ ይጻፋል። አፋን ኦሮሞ የማያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ መጠጡ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። በወንጌላውያን ቤት ያደገ ልጅማ ዘፋኝነትና ቢራ በአንድ ሰው ስም ላይ ተደርበው ሲያገኛቸው ገጹን ገልጦ ያልፋል። ስሙ ግን ከጠርሙስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በአፋን ኦሮሞ ሲጠራ ወደ «ብራ» ይቀርባል፤ ትርጉሙም ክረምቱ ወጥቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ሜዳው አበባ የሚለብስበት ከመስከረም ጀምሮ ያለው ወቅት ነው። እኛም በአማርኛ ደመናው ሲገፈፍ «ሰማዩ ብራ ሆነ» እንላለን። አሊ መሐመድ ሙሳ ይህን መጠሪያ ያገኘው በልጅነቱ ካዜመውና ሰው ከወደደለት፣ ስለዚያ ወቅት ከሚያወሳ ዘፈን ነው። ዘፈኑ ስም ሆኖ ተጣበቀበት፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አልለቀቀውም።

ልዩነቷ የአንዲት ፊደል ናት። ይሁን እንጂ እንደዚህች ባለች ፊደል ምክንያት ስንቱን ሰው ሳንሰማው እናልፈዋለን?

«ስለ ዘፋኝ መጻፍ ምን ይጠቅመናል? የእኛ ዘማሪዎች አልቀው ነው ወይ?» የሚል ወጣት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን ሳልሸፋፍን ላስቀምጥ። አሊ ቢራ ሙስሊም ሆኖ ኖሮ ሙስሊም ሆኖ ያለፈ ሰው ነው። ከሞተ በኋላ የእኛ ላደርገው አልፈልግም፤ እንዲህ ማድረግ ጎረቤትን ማክበር አይደለም። ዘፈኖቹን በአምልኮ ሰዓት እንዘምራቸው ማለቴም አይደለም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው ቦታ የተነፈገውን የእናቱን ቋንቋ ለትልቅ ዜማ የሚበቃ አድርጎ በጥንቃቄ ያዘው። የእኛ መዝሙር የሚሸከመው መልእክት ከዚያ የሚበልጥ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። በምዕራብ ሐረርጌ ለምንኖር፣ ከጭሮ እስከ ገለምሶ፣ ከበዴሳ እስከ መቻራ ላሉ የወጣት ኅብረቶች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከድሬዳዋ የተነሣ ድምፅ

አሊ በ1940 ዓ.ም. በድሬዳዋ ተወለደ። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና ሕንዱ በአንድ ገበያ ይገናኙባት ነበር። ወላጆቹ ገና ሕፃን ሳለ ስለተለያዩ በአባቱ እጅ አደገ፤ በመድረሳም ዐረብኛ ተማረ። በኋላ በአፋን ኦሮሞ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዐረብኛ ጭምር መዝፈኑ ከዚህች ከተማ አፈር የበቀለ ነው። ቋንቋዎቹን ከመጽሐፍ አላጠናቸውም፤ መንገድ ላይ ሲነገሩ ሰምቶ አደገባቸው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ገደማ የድሬዳዋ ወጣቶች «አፍረን ቀሎ» የተባለ የባህል ቡድን አቋቋሙ። ስሙ «አራቱ ቀሎ» ማለት ሲሆን የምሥራቅ ሐረርጌዎቹን የአላ፣ የኦቦራ፣ የባቢሌና የዳጋ ጎሳዎች ያመለክታል። እኛ ባለንበት በምዕራቡ በኩል ኢቱ ይኖራል፤ ቋንቋው ግን ያው ነው፤ ጭፈራውም አይራራቅም። አሊ ከዚህ ቡድን ጋር የተቀላቀለው በዐሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበር።

ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። አፋን ኦሮሞ በሚሊዮኖች ቢነገርም በትምህርት ቤት፣ በፍርድ ቤትና በኅትመት ቦታ አልነበረውም። ገበያና ሰርግ ላይ ይነገራል፤ መድረክና ቢሮ ሲደረስ ግን ይደበቃል። እነዚህ ልጆች በዚያ ቋንቋ መድረክ ላይ ወጥተው ማዜማቸው በራሱ ብዙ ተናገረ። የጊዜው መንግሥት አልወደደውም፤ ቡድኑም ጫናው በዝቶበት ፈረሰ።

አሊ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተቀጠረ። እነ ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ የነበሩበት ቤት ነው። ጥቂት ዓመታት አገልግሎ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1971 በአፋን ኦሮሞ የመጀመሪያው እየተባለ የሚጠቀሰውን አልበም አሳተመ። ከዚያም በኋላ የዘፋኝ ሕይወት እንደሚሆነው ዞረ፤ ረጅም ዓመታትን በስዊድንና በካናዳ በስደት አሳለፈ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ፈረንሳይ አገር የሚታተመው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብም 28ኛ ቁጥሩን ለእርሱ ሥራዎች አዋለ። በመጨረሻ ወደ አገሩ ተመልሶ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ በ75 ዓመቱ ዐረፈ፤ የተቀበረውም በተወለደባት በድሬዳዋ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበርና የሞተበት ወቅትም ብራ ነው።

የውጭውን ሙዚቃ የምትከታተሉ ወጣቶች ጂሚ ሄንድሪክስን ታውቁት ይሆናል። ሮክ ጊታርን እንደ አዲስ የፈጠረ ተብሎ ይመሰገናል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ለንደን ውስጥ የሞተው ግን ገና በ27 ዓመቱ ነው። ዓለም የጊታር ጀግና ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስበው እንደዚህ በርቶ ቶሎ የሚጠፋ ሰው ነው። አሊ ቢራ ጊታርም ዑድም ይዞ ለስልሳ ዓመት ያህል ዘፈነ። አያት ያቀነቀነችውን የልጅ ልጇ ደግሞ በሰርጓ ቀን አስደነሰችበት። ይህን ያህል ጊዜ መሰማት በተሰጥኦ ብቻ አይገኝም፤ ሥራን አክብሮ መያዝን ይጠይቃል።

በዜማው ውስጥ ያለው

ወደ ሥራው እንግባ። አሊን ስትሰሙ በመጀመሪያ የምታስተውሉት አለመጮኹን ነው። ድምፁ ለስላሳና ሰፊ ነው፤ ሐረጉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ በትንሹ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ያለበትን ቦታ ዑዱ ወይም ጊታሩ ይቀበለዋል፤ የተባለውን በራሱ መንገድ ደግሞ ይመልሰዋል። ዘፋኙና መሣሪያው እንደ ሁለት ሽማግሌዎች ተራ እየጠበቁ ያወራሉ። ዑዱ የዐረብንና የሱዳንን መዓዛ ያመጣል። ከሥሩ ያለው ምት ግን የሐረርጌ ነው። ሸጎዬን ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ወንዱና ሴቱ ፊት ለፊት ቆመው፣ አንገትና ትከሻ እየተወዛወዘ፣ እግር መሬቱን እየመታ። አሊና ጓደኞቹ ያንን ውዝዋዜ ወስደው ከጊታርና ከቤዝ ጋር አስታረቁት። ጊታሩ እንግዳ ነው፤ ቢሆንም የቤቱን ሥርዓት ተምሮ ገባ እንጂ ባለቤቱን አስወጥቶ አልገባም።

ሁለተኛው ነገር ቃል አያያዙ ነው። አፋን ኦሮሞ አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉሙ የሚለወጥ ቋንቋ ነው። «ለፈ» ምድር ነው፤ «ላፋ» ካላችሁት ግን ልል፣ ለስላሳ ማለት ይሆናል። ስለዚህ ዜማ ደራሲው አጭሩን ድምፅ ያለ ቦታው ቢስበው ምድሪቱ ራሷ ትለሰልሳለች። አሊ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ረጅሙን ቃል በረጅሙ ኖታ ላይ ያሳርፈዋል፤ አጭሩን በአጭሩ ያልፈዋል፤ የሚጠብቀውን ተነባቢ ያጠብቀዋል። ስለዚህ ዘፈኑን የሰማች የገጠር እናት «ምን አለ?» ብላ አትጠይቅም። ቃሉ በዜማ ውስጥ ሆኖም እንደ ንግግር ይገባታል።

ሦስተኛ፣ ግጥሞቹን ሁሉ ራሱ አልጻፋቸውም። ከእርሱ የተሻለ ቃል ካላቸው ገጣሚዎች ወስዶ አዜመ። በዚህ ዘመን ግጥሙንም፣ ዜማውንም፣ ቅንብሩንም፣ የሽፋኑን ፎቶም ራሴ ካልሠራሁ ለሚል ወጣት ዘማሪ ይህ ትምህርት ነው። ሥራው እንዲያምር ሌላውን ማስገባት ማነስ አይደለም።

ነቀፌታም አለኝ። በኋለኞቹ ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ ሥራዎቹ ላይ ኪቦርዱና በማሽን የተሞላው ከበሮ ያንን የድሮውን ጭውውት ያፍነዋል። መሣሪያው መልስ መስጠቱን ትቶ ዝም ብሎ ይቆጥራል። የፍቅር ዘፈኖቹም ላይ የማነሣው አለ። ተወዳጇ ትናፈቃለች፣ ትለመናለች፣ ትወቀሳለች፤ ራሷ ስትናገር ግን እምብዛም አንሰማትም። በዚህ በኩል መጽሐፍ ቅዱስ ይቀድመዋል። መኃልየ መኃልይን ብትከፍቱ መጀመሪያ የምትናገረው ሴቲቱ ናት፤ እርሱም ይመልስላታል፤ ፍቅሩ የሁለት ሰው ድምፅ አለው። ስለ ፍቅር ለመማር ከዘፈን ሌላ የምንሄድበት ቤት እንዳለን ወጣቶች ይህን ልብ በሉ።

«ዘፋኝነት» የሚለው ቃል

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። አንድ አማኝ እንዲህ ያለውን ሙዚቃ መስማት ይችላል ወይ? ብዙዎቻችን ያደግንበት መልስ አጭር ነው፦ ገላትያ ምዕራፍ 5 ላይ «ዘፋኝነት» ከሥጋ ሥራዎች ጋር ተቆጥሯልና አለቀ። ነገሩ እንዲህ በአጭሩ የሚያልቅ ግን አይደለም።

በዚያ ቦታ ላይ ያለው የግሪክ ቃል «ኮሞስ» ነው። ሰዎች ከግብዣ ተነሥተው፣ ሰክረው፣ በሌሊት መንገድ ላይ እየጮኹና እየጨፈሩ፣ ለከቱ ያጣ ፈንጠዝያ የሚያደርጉበትን ሁኔታ ያመለክታል። ከስካር ቀጥሎ የተጠቀሰውም ለዚሁ ነው። የአማርኛ ተርጓሚዎቻችን ለዚህ «ዘፋኝነት» የሚለውን መረጡ። እነዚሁ ተርጓሚዎች ግን 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6 ላይ ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገውንም «ይዘፍን ነበር» ብለው ተርጉመዋል። አንዱ ግሥ በአንድ ቦታ ይወቀሳል፤ በሌላው የንጉሡ ደስታ ነው። የናቀችው ሜልኮልም አልተመሰገነችም። እንግዲህ የተወገዘው ዜማው ወይም ጊታሩ አይደለም፤ ሰውን ከልኩ የሚያወጣው ስካርና መረን መልቀቅ ነው።

በአፋን ኦሮሞም «ሲርባ» እና «ፋርፈና» ብለን እንለያለን፤ መለየቱም መልካም ነው። ለእግዚአብሔር የሚቀርበውና ለሰው የሚዘፈነው አንድ አይደሉምና። ሆኖም መለየት ሌላ፣ መናቅ ሌላ ነው።

ጳውሎስ በአቴና ሲቆም ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 እንደሚነግረን የከተማይቱን ባለቅኔዎች ያውቃቸው ነበር፤ ቃላቸውንም ጠቅሶ ወደ ሕያው አምላክ አሳየ። ጣዖታቱን ሲያይ መንፈሱ ተበሳጭቷል፤ ግጥሞቻቸውን ግን ሳያዳምጥ አላለፈም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል። ጎረቤቱ ምን እንደሚያስለቅሰው የማያውቅ ሰው የሚያጽናናውን ወንጌል በየት በኩል ያቀብለዋል?

ይህን ካልኩ በኋላ እንደ አስተማሪ አንድ ጥንቃቄ ማከል አለብኝ። በእኛ አካባቢ የአሊ ዘፈን ብቻውን አይሰማም። ለብዙ ሰው ከበርጫ ጋር የተያያዘ ነው፦ ከሰዓት በኋላ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ጫቱ ተቀምጦ፣ ቴፑ ተከፍቶ። ከዚያ ሕይወት ጌታ ያወጣው ወንድም ዜማው ሲጀምር እጁ ወደ ጫቱ የሚሄድበት ከሆነ ለእርሱ ጥያቄው የሙዚቃ ጥያቄ አይደለም። ይራቅ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ለጣዖት ስለተሠዋ ሥጋ ሲናገር ሥጋው በራሱ ምንም እንዳልሆነ ቢያውቅም ስለ ደካማው ወንድም ብሎ መተውን መርጧል። እኛም ነፃነታችንን ወንድማችን ጆሮ ላይ ጮክ አድርገን አንክፈተው። በሌላ በኩል ደግሞ ራሱ የማይፈተንበትን ነገር ሁሉ ለሌላው ኃጢአት ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው የሕሊናን ጥያቄ ሕግ ያደርገዋል። ሁለቱም ወገን ይጠንቀቅ።

ያልሰጠን ነገር፣ ያልወሰድነው ነገር

አሊ ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ አገር፣ ስለ እኩልነት ዘፈነ። ናፍቆት የዘፈኖቹ ዋና ጌጥ ነው። በውጭ አገር ለኖረ ሰው ይህ አያስገርምም። ግን ናፍቆቱን ተከትላችሁ ብትሄዱ የት ያደርሳችኋል? ወደ ተወዳጇ፣ ወደ ወንዙ፣ ወደ ምድሩ። እነዚህ መልካም ናቸው፤ እግዚአብሔር የሠራቸው ናቸው። ነገር ግን ተወዳጅ ትሞታለች፣ ወንዝ ይደርቃል፣ ምድርም በእኛና በሌላው መካከል ጠብ ታመጣለች። ናፍቆት ራሱ ከዚያ የሚያልፍ ነገር እንደሚፈልግ መዝሙር 42 ላይ ያለው ሰው ያውቃል፤ ጥማቱ አድራሻ አለው። አሊ ጥማቱን በሚያምር ቃል ነግሮናል። ውኃውን ግን አልሰጠንም፤ እሰጣለሁም አላለም። ይህን ከዘፋኝ መጠበቅ እርሱን መበደል ነው። ዘፈኑን እንደ ወንጌል የሚይዝ ወጣት ካለም ራሱን ይበድላል።

ነገር ግን ወደ ራሳችን ስመለስ ሌላ ጉድለት ይታየኛል። ብዙዎቹ የዛሬ መዝሙሮቻችን ለቅሶን አይችሉም። በመጀመሪያው ስንኝ ጨለማ ይጠቀሳል፣ በሁለተኛው ድሉ ይመጣል፣ በሦስተኛው ጠላት ተረግጧል። መዝሙር 137 በባቢሎን ወንዞች አጠገብ የተቀመጡትን ሰዎች ያሳየናል፤ በገናቸውን ሰቅለዋል፣ መዘመር አቅቷቸዋል፣ ያንንም አለመቻላቸውን ዘምረውታል። የእኛ ዞን በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን የተቀበለ ነው። ድርቅም ያውቀናል። ዋጋው የወደቀበት የቡና ገበሬ፣ ልጁ በስደት መንገድ የጠፋበት አባት በየአጥቢያው አሉ። እሑድ ጠዋት ሲመጡ የሚያለቅሱበት መዝሙር ካጡ፣ ማታ በሬዲዮ የአሊን ድምፅ ሰምተው «ይህ ሰው ገብቶታል» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ኀዘንን በዜማ መሸከምን ከእርሱ ልንማር እንችላለን። ኀዘኑን ለማን እንደምንናገር ደግሞ መዝሙረ ዳዊት ያስተምረናል።

በደርግ ዘመን ሰባት ዓመት የታሰረው ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮቹ እስከ ዛሬ የሚዘመሩት ለምንድን ነው? እስር ቤት ያልደረሰ ሰው እንኳ መዝሙሮቹ ውስጥ መከራ በስሙ ሲጠራ ይሰማልና። እምነቱ መከራውን አልሸፈነውም፤ መከራውም እምነቱን አልዋጠውም። ይህ ርስት የእኛው ነው። የተረሳን ያህል እየሆነ ያለው ግን በእኛው ቤት ነው።

የአስቴር ጋኖ መዝገብ

«ከዘፈን ተምሮ መዝሙር መጻፍ አዲስ ነገር ነው፤ ከዓለም ጋር መመሳሰል ነው» ለሚል ሰው የምነግረው ታሪክ አለ። አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ አማኞች የሚያነቡትን የመጀመሪያውን ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ማን ሰጣቸው? ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው። ሁለቱም በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው ነፃ የወጡ፣ በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ቤት የተገናኙ ኦሮሞዎች ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱሱ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ ታተመ፤ የታተመበትም ፊደል የግዕዝ ፊደል ነበር።

አስቴር ቋንቋውን በሚገባ የምታውቅ ስለነበረች ቃላትን የመሰብሰቡ ሥራ ተሰጣት። እርሷም ከትዝታዋ ወደ 500 የሚጠጉ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ጻፈች። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። እስቲ አስቡት፦ ነፃ የወጣች ባሪያ ከአገሯ ርቃ፣ በባሕር ዳርቻ ተቀምጣ፣ በልጅነቷ የሰማችውን የአገሯን ዘፈን ታስታውሳለች፤ ትጽፈዋለች። በዚያ ቋንቋ ሀብት ላይ የእግዚአብሔር ቃል ይተረጎማል። ወንጌል ወደዚህ ሕዝብ ልብ ሲገባ የሕዝቡን ዜማና ተረት በሩ ላይ ጥሎ አልገባም፤ ቁልፉ እነርሱ ዘንድ ነበርና ሰበሰባቸው።

ስለዚህ አሊ ቢራ ቋንቋውን ለመድረክ ከማብቃቱ ከስልሳ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ወንጌላውያን ለኅትመት አብቅተውት ነበር። ሩጫውን የጀመርነው እኛ ነበርን። ዛሬ ግን በብዙ አጥቢያዎቻችን የሚሆነውን ታውቃላችሁ። እናቶች ሲጸልዩ በአፋን ኦሮሞ ይጸልያሉ፤ ኳየሩ ሲነሣ በአዲስ አበባ የወጣውን መዝሙር በስልክ አዳምጦ በተጠናው መንገድ ይዘምራል። ሲተረጎምም ዜማው ሳይነካ ቃሉ ብቻ ይለወጥና አጭሩ ይሳባል፣ ረጅሙ ይቆረጣል፤ «ምድር» የተባለችው «ለስላሳ» ትሆናለች። እናቶቹ በትሕትና ያጨበጭባሉ። ምን እንደተባለ ግን ሁልጊዜ አይገባቸውም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 14 በመንፈስም በአእምሮም እንደሚዘምር የተናገረው እንዲህ ላለው ጉባኤ ነው።

አማርኛ መዘመር ስሕተት ነው አላልኩም፤ ይህን ራሱ የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ አማርኛ የቤቱ ቋንቋ የሆነለት ወንድምም በመካከላችን አለ። ለእርሱም በቋንቋው ይዘመርለት፤ በእርሱም ቋንቋ በጥንቃቄ ይዘመር። አሊ በአምስት ቋንቋ ሲዘፍን አንዱን ለማክበር ሌላውን አላዋረደም። ዘፈኑን የጎሳ ባንዲራ አድርገው ሌላውን ለመውጋት የሚያነሡ ሰዎች ይህን የሕይወቱን ክፍል ቢያስቡት መልካም ነው። በክርስቶስ አካል ውስጥማ ይህ ይበልጥ ይገባናል።

ለወጣት ኅብረቶች የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። በሚቀጥሉት ሦስት ወራት እያንዳንዱ ኅብረት አንድ መዝሙር ብቻ ይሥራ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ በአጥቢያችሁ ወዳሉ አረጋውያን ሂዱ። ሲጸልዩ የሚደጋግሟቸውን ቃላት፣ ልጅ ሲያስተኙ የሚሉትን፣ ሲያለቅሱ የሚያወጡትን በደብተር መዝግቡ። አስቴር የሠራችው ይህንን ነው። ከዚያ ግጥሙን የቃል ስጦታ ያለው ይጻፈው፤ ዜማውን የዜማ ስጦታ ያለው ይያዘው። ጊታር የሚጫወተው ልጅ ድምፁን ከመጫኑ በፊት ዘማሪዋ ቃሉን እስክትጨርስ ይጠብቅ። የኪቦርዱን ቢት አጥፉትና በእጅና በእግር ምቱ፤ የሚጎድለው ነገር ካለ ያኔ ትሰሙታላችሁ። ስትጨርሱ መጀመሪያ የሚሰሙት እነዚያው አረጋውያን ይሁኑ። «ምን አለ?» ብለው ከጠየቁ ገና አላለቀም። ምንም ሳይጠይቁ አብረዋችሁ ከቀጠሉ መዝሙር ሠርታችኋል።

የሙስሊም ጎረቤታችን ልጅ በአጥሩ በኩል ቢሰማው፣ ቋንቋውና ምቱ የራሱ ቤት መሆኑን ያውቀዋል። ያን ጊዜ ስለ ማን እንደምንዘምር ቢጠይቅ የምንመልስለት ነገር አለን።